በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል

ጋሽ ማስተር ስርቆቱን ያወቀው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ጭኑ ላይ አንድ ጣሳ ቫርኒሽ አቅፎ። ዝናቡ ገና አላባራም። የታክሲው መስኮቶች አንዳቸውም በደንብ አይዘጉም፤ አጠገቡ የተቀመጠች መምህርት የተማሪዎቿን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች፤ ከኋላ ሁለት ሴቶች ሽንኩርት ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበረና ዛሬ ስንት እንደገባ እየተቀባበሉ ያማርራሉ። ሾፌሩ ስልኩን ከመሪው አጠገብ በላስቲክ አስሮ ሙዚቃ ከፍቷል። ጋሽ ማስተር መጀመሪያ ልብ አላለውም። ከዚያ አንድ ድምፅ ገባ፤ ትንሽ የሻከረ፣ ቃሉን ከመልቀቁ በፊት እንደሚያመነታ ሰው ለአፍታ የሚይዝ ድምፅ። የእህቱ ባል ነው። ይህን ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ከሺህ ይለየዋል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሸጠው ኖሯል። ክው ያደረገው ግን ድምፁ አይደለም፣ ዘፈኑ ነው። አምና እህቱ ቤት ባልየው ፊቱን እየተላጨ ሲያንጎራጉረው የሰማው ዜማ ነው፤ ገና ያልወጣ፣ ገና ማንም ሊሰማው የማይገባ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብሎ።

«ከስልክ ነዋ፣ አባቴ።»

«ስልኩ ላይ ማን ጫነልህ?»

«ማንም አልጫነልኝም። ጠዋት ስነሳ መጥቶ አገኘሁት።»

መጥቶ አገኘሁት! ጋሽ ማስተር በዕድሜው ብዙ ሌባ አጋጥሞታል፤ ከጓደኛዬ ተውሼ ነው የሚል፣ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት የሚል፣ ሚስቴ ናት የገዛችው የሚል። ራሱ መጣ የሚል ግን ገና ዛሬ ሰማ። ይባስ ብሎ ሾፌሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ በመስተዋቱ ፈገግ እያለ ያየዋል፤ ዘፈኑን ወደውት ነው የጠየቁኝ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገለት።

ጋሽ ማስተር የሚለውን ስም ያወጡለት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። በካሴቱ ዘመን አንድ ድምፃዊ አዲስ ሥራ ሲጨርስ ዋናውን ቅጂ፣ ማስተሩን፣ እስኪባዛ ድረስ የሚደብቅበት ይጠፋው ነበር። አንዱ ፍራሽ ሥር ይከተዋል፣ ሌላው ለአማቱ አደራ ይሰጣል፤ ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሥራው ከመውጫው ቀን በፊት ገበያ ላይ ይውላል። እሱ እጅ የገባ ማስተር ግን አንድም ቀን አምልጦ አያውቅም። ሸሚዙ ሥር አድርጎ፣ በቀበቶ ጠፍሮ ወደ ማባዣው ቤት ይወስደዋል፤ የመጨረሻው ካሴት እስኪያልቅም ከማሽኑ አጠገብ አይነቃነቅም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች እኔን እንዲህ አጥብቀህ ይዘኸኝ አታውቅም ትለው ነበር። ከዚህም ሌላ አንዲት ዘዴ ነበረችው። ከመባዛቱ በፊት በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል ባለችው ባዶ ቦታ ላይ፣ በጣቱ ቀለበት የሻይ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ይቀዳል። ኪን፣ ኪን። አድማጭ ልብ አይለውም። ጋሽ ማስተር ግን የተሰረቀ ካሴት ሲያገኝ እዚያች ቦታ ላይ ጆሮውን ይደቅናል፤ ብርጭቆዋ ካለች ስርቆቱ ከሱ በኋላ ገበያ ላይ የተፈጸመ ነው፤ ከሌለች ደግሞ ከሱ በፊት፣ ከመቅጃው ክፍል የወጣ ነው። አንድ የድምፅ ባለሙያ በዚህች ዘዴ አስይዟል። ደንበኛም ይሄ ትክክለኛው ካሴት ነው ወይ ብሎ ሲጠራጠር እዚያች ቦታ ላይ ያሰማውና «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይሸኘዋል።

ስለዚህ ታክሲው የሙዚቃ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ አልወረደም። ሦስተኛው ዘፈን አልቆ አራተኛው እስኪጀምር ልጠብቅ አለ። የሾፌሩ ስልክ ግን ወግ የለውም፤ አንደኛውን ሳይጨርስ ወደ ስድስተኛው ይዘላል፣ ከዚያ የሌላ ሰው ዘፈን ያስገባል፣ ከዚያ የሾፌሩ ሚስት ትደውልና ጋዝ አልቋል ትላለች። መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ቫርኒሹን ታቅፎ በዝናብ በእግሩ ተመለሰ። እየሄደ ሲያስብ ግን መጠበቁ ራሱ ሞኝነት መሰለው። ብርጭቆዋ እንዴት ልትኖር ትችላለች? ማስተሩ ገና እሱ ጋ መች መጣና! ስለዚህ የወጣው ከመቅጃው ክፍል ነው። የመቅጃው ክፍል ደግሞ የእህቱ ልጅ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ሐሳቡን ሊያቆመው ሞከረ፤ አልቆመም።

ሙዚቃ ቤቱ ስፋቱ አምስት እርምጃ ነው። ድሮ ሙሉው የሱ ነበር፤ አሁን በችፑድ ተከፍሎ በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሽ ስልክ ጠጋኟ ይዛዋለች። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ማጉያ መነጽር አጥልቃ በወረንጦ የምትሠራ፣ ቀልድ የማይገባት ግን ሆደ ሰፊ ሴት ናት። ወደ ጋሽ ማስተር ክፍል የሚገባ ደንበኛ በሷ በኩል አልፎ ነው የሚገባው፤ የሚገባ ካለ ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ሁለቱንም ግማሽ ለሷ ማከራየት ይፈልጋል፣ እሷም ትፈልጋለች፤ ሽማግሌውን መግፋቱን ግን ማንም አልደፈረውም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ያስቡበት ብለውታል። የሱ መልስ ከስምንት ወር ጀምሮ አንድ ነው፦ የእህቴ ባል አልበም ይውጣና። አልበሙ ይውጣ፣ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ያኔ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ እናያለን። ከአራት ዓመት በፊት የወጣው የእህቱ ባል ሲዲ አምስት መቶው በአንድ ወር አልቋል፤ ድምፃዊው ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይህን ሳያነሳ አይውልም። ለአዲሱ ብሎ ጋሽ ማስተር የመሐሉን መደርደሪያ ባዶ አድርጎ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ፣ ዛሬ ቫርኒሽ ሊቀባው ነበር። ከክፍሉ ጥግ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ፣ ወገብ የሚደርስ ክምር አለ። ጠጋኟ አንድ ቀን ምንድነው ብትለው የቆየ ዕቃ ነው ብሏታል። እኛም ለጊዜው የቆየ ዕቃ ብለን እንለፈው።

ገና ከበሩ ሳይገባ የእህቱ ባል ድምፅ ከጠጋኟ ጠረጴዛ ተቀበለው። አራተኛው ወይም አምስተኛው ዘፈን ነው፤ በምን ያውቃል? አንቺም ጋ ገባ ወይ አላት። እሷ በደስታ የጠየቃት መስሏት ራሷን ነቀነቀች፤ እንኳን ደስ አለዎት ለማለትም ዳድቷት ነበር። እሱ ግን አጥፊው አለ። ለምን እንደሆነ አልገባትም።

«ነጻ እኮ ነው ጋሽ ማስተር። ሁሉም ሰው አለው።»

ነጻ! በሱ ሙያ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። የሚሸጥ ሌባ እንኳ ቢያንስ ዕቃውን ዋጋ ያለው አድርጎ ያየዋል፤ በነጻ የሚያድል ሌባ ግን ሊያጠፋህ የመጣ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ተፎካካሪው ጋሽ ማስተር ያወጣውን ካሴት በወጣ ማግስት ከአንዱ ሱቅ ገዝቶ፣ አባዝቶ፣ በየመሸታ ቤቱ በነጻ በትኖበት ነበር፤ ያን ዓመት ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ምንም አልቀረው። አሁንም ማን ነው እንዲህ የጠላን ብሎ ቆሞ አሰበ። ጠጋኟ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ «ራሳቸው እኮ ናቸው…» ብላ ስትጀምር ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልኩን በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣ አንድ ሰው መሐላቸው ገባ፤ ሰውየው ሚስቱ ሳታውቅ ዛሬውኑ እንዲሠራለት ይለምናል። ንግግሯ እዚያው ቀረ። ጋሽ ማስተር ቫርኒሹን እንኳ ሳያስቀምጥ ወጣ።

የእህቱ ልጅ የሚሠራው ከአንድ የጥርስ ሐኪም በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳዋ በፍራሽ ተሸፍኗል፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ጣሪያዋ ላይ ተለጥፏል፤ ይህም ሁሉ ሆኖ የሐኪሙ መሰርሰሪያ ድምፅ ወለሉን ዘልቆ ይመጣልና ዘፈን የሚቀዳው ሐኪሙ ምሳ ሲወጣ ብቻ ነው። ልጅ እንበለው እንጂ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ፀጉሩም ከመሐል መሳሳት ጀምሯል። አጎቱን እንደዚያ በስብሶ፣ ጣሳ ታቅፎ ሲያየው ተነስቶ ወንበር ሰጠው። ጋሽ ማስተር አልተቀመጠም። ደረጃውን ሲወጣ በቀስታ ሊጠይቀው ነበር ያሰበው፤ የሆነ ሰው ክፍልህ ገብቶ ነበር ወይ፣ ለማን አሰማኸው፣ እንዲህ እንዲህ ብሎ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። ከሱ እጅ በፊት የነበረው የልጁ እጅ ብቻ እንደሆነ፣ ሌባ ከሩቅ እንደማይመጣ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በቀበቶው አስሮ የጠበቀውን የገዛ እህቱ ልጅ በአንድ ሌሊት እንደበተነው ተናገረ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይሏል፤ ምላሱ ከማጭድ አላነሰችም።

ልጁ አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ጋሽ ማስተርን ይበልጥ አናደደው። መሰርሰሪያው ከታች ተነሳ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። ልጁ አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው፤ ስልኩን አየት አድርጎ መልሶ ገለበጠው፤ ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው ላይ ፎጣ አውርዶ ራስህን አድርቅበት ብሎ ዘረጋለት።

«አባባን ጠይቀው፣ አጎቴ።»

«በየትኛው ዓይኔ አይቼው? አባትህን ሸጠኸዋል እኮ።»

ፎጣው በልጁ እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ጋሽ ማስተር ደረጃውን ወረደ፤ በልጁ ፊት ላይ ያየው ጥፋተኝነት አልነበረም፣ ምን እንደሆነ ግን ሊገባው አልቻለም። ኀዘኔታ ይመስላል። ሌባ ለተሰረቀው ያዝናል እንዴ?

እህቱ ቤት የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ውሃ አቁሯል። ሳሎኗን በደንብ ያውቃታል። ክንዱ የተላላጠው ትልቅ ሶፋ፣ ባልየው በወጣትነቱ ነጭ ሱፍ ለብሶ የተነሳው ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ሠላሳ ዓመት ያልተጫወቱበት ግን በየሳምንቱ አቧራው የሚጠረግ አኮርዲዮን። ዛሬ ሶፋው ላይ ጊታሪስቱና ከበሮ መቺው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ከድምፃዊው ጋር ያረጁ፣ አንደኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ መሣሪያ ያደረገ፣ ሌላው በዱላ የሚሄድ። ሻይና ዳቦ ቀርቧል። ሲገባ ሲሳሳቁ ነበር፤ ሲያዩት ሳቁ ቀጥ አለ። እህቱ ከወንበሯ ተነስታ ጣሳውን ከእጁ ተቀበለችውና የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት መሐል ቆመች።

«ተሰርቀናል» አለ ጋሽ ማስተር። ከበሮ መቺው ዳቦውን ሲቆርስበት የነበረው እጁ እንዳለ ቆሟል። የእህቱ ባል፣ ድምፃዊው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተናገረ።

«አልተሰረቅንም፣ ማስተር። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«ለሰው ነዋ። ለፈለገ ሁሉ።»

ጋሽ ማስተር ተቀመጠ። የተቀመጠው መቀመጥ ፈልጎ ሳይሆን ወንበሩ ከኋላው ስለነበረ ነው። ጊታሪስቱ ሁኔታውን ለማለዘብ ብሎ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር አሳየው፤ ከጠዋት እስካሁን አርባ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ጋሽ ማስተር ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። አርባ ሺህ ካሴት ስንት ካርቶን እንደሚሆን፣ ስንት መኪና እንደሚጭነው ሐሳቡ ሳያዝዘው ማሰላት ጀመረና መሐል ላይ ካርቶንም መኪናም እንደሌለ ትዝ ሲለው ተወው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ሰጡህ ብሎ ጠየቀ። ሰሙ፣ አለው ድምፃዊው። መስማታቸውንማ ተረዳሁ፣ ምን ሰጡህ ነው የምልህ። ሰሙ፣ አለው ደግሞ። ሁለት አዛውንቶች እንደ ሕፃን አንድ ቃል ሲቀባበሉ ከበሮ መቺው ዳቦውን በቀስታ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ጋሽ ማስተር ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ያውቁ እንደነበር ገባው። እህቱ ታውቃለች። ልጁ ያውቃል። ጆሮው የማይሰማው ጊታሪስት እንኳ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለሱም ነው።

የድምፃዊው ስልክ ጮኸ፤ ይዞት ወደ ጓዳ ገባ። ጊታሪስቱና ከበሮ መቺው ድንገት ፀሐይ መሞቅ አማራቸውና ወደ ግቢ ወጡ፤ ፀሐይ ግን አልነበረችም። እህቱ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች፤ በልጅነታቸው የተሰበረ ነገር ሲኖር እንደምታደርገው ጣቶቿን እያፍተለተለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ከሸራው ሥር ያለውን አይተነዋል።»

ጋሽ ማስተር ወለሉን አየ። ሰማያዊው ሸራ ሥር ያለው አራት መቶ ሠላሳ ሲዲ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የወጣው፣ በአንድ ወር ያለቀው ሲዲ። ሲዲ የሚያጫውት መሣሪያ ያለው ሰው ፍለጋ አንድ ወር ሙሉ በር ላይ ቆሞ ጠብቆ፣ ያልተሸጠውን ራሱ ገዝቶ፣ አለቀ ብሎ የሽያጩን ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ለእህቱ ባል ያስረከበ ዕለት፣ ድምፃዊው ሳቅ ብሎ «ገና አልረሱኝም ማለት ነው» ያለውን ያስታውሳል። ያችን ሳቅ ነበር የገዛው፤ ተወደደብኝ ብሎም አያውቅም። እህቱ ቀስ ብላ ነገረችው። ጠጋኟ ስትገባ ልጁ ጠረጴዛዋን ተሸክሞ ሲያግዛት ሸራው ተገፎ አየ፤ ለእናቱ ነገረ፤ እሷም ዓመት ሙሉ አፍና መጨረሻ ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ ይሄኛውንም ሊገዛልኝ ነው አለ። ከዚያ ቁርሱን ጨርሶ፣ በነጻ ከሆነ ግን መግዛት አይችልም አለና ለልጁ ደወለ። ለማስተር ራሴ እነግረዋለሁ፣ ማንም አፉን እንዳይከፍት ብሎ ሁሉንም አስምሏል።

ጋሽ ማስተር ሊናደድ ፈለገ፤ ንዴቱ አልመጣለትም። ሊያፍር ፈለገ፤ እሱም በከፊል ብቻ መጣ። እሱ ሰውየውን ሲጠብቅ፣ ሰውየው ደግሞ እሱን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ታዲያ ከሁለቱ የተታለለው ማን ነው? ተዋርዶ ይሁን ተከብሮ ሊለየው አልቻለም። አንድ ነገር ብቻ ጥርት ብሎ ታየው፤ የልጁ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ፎጣ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጎ መጥቷል። ልጁ በአንዲት ቃል ሊያፍነው ሲችል ለአባቱ ቃሉን ጠብቆ ስድቡን ዋጠው።

ለመሄድ ሲነሳ ድምፃዊው የረሳውን ጣሳ አንጠልጥሎ እስከ ግቢው በር ሸኘው። ሁለቱም ውሃ ያቆረውን ቦታ እየዘለሉ ሄዱ። ሊነግረው ሁለት ጊዜ ሱቁ ድረስ መጥቶ እንደነበር፣ አንዴ ባትሪ ገዝቶ፣ አንዴ ስለ ዝናብ አውርቶ እንደተመለሰ ነገረው። ጋሽ ማስተር ሁለቱንም ቀን አስታወሰ። ያኔ መደርደሪያውን በአሸዋ ወረቀት እየፈተገ ነበር፤ ና ቦታህን እይ ብሎ እጁን ይዞ አስዳሶታል። ይሄን የመሰለ እንጨት ካስዳሰሱት በኋላ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ድምፃዊው ጣሳውን አቀበለው።

«ቫርኒሹን ቀባው» አለ።

«ምን ላስቀምጥበት?»

«እንጃ።»

ሱቁ ሲደርስ ጠጋኟ መብራቷን አጥፍታ ልትዘጋ ነው። ውሃ የገባበት ስልክ በሩዝ ከረጢት ውስጥ ተቀብሮ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ማስተር በመሐል ክፍፍሉ አልፎ ባዶው መደርደሪያ ፊት ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠና ያንን ሙዚቃ ብትከፍቺልኝ አላት። የትኛውን ዘፈን አለችው። ሁሉንም፣ ከአንደኛው ጀምሮ፣ ሳትዘይ፣ እንደ ካሴት። ጠጋኟ ዛሬ እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው አይታ ባታውቅም የጠዋቱን ፊቱን አስታውሳ አልተከራከረችም፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ስልኳን መደርደሪያው ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ አስቀመጠችለት።

አንደኛው ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሰማው ነው። ሁለተኛው ላይ ጊታሪስቱ አንድ ቦታ ይስታል፤ ጆሮው ስለማይሰማ ይሆናል፣ ወይም ድሮም ይስት ነበር። ሦስተኛው የእህቱ ባል ለእህቱ የጻፈው እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው፤ ሳሎኗ፣ ሶፋዋ፣ ሳይጫወቱበት የሚጠረገው አኮርዲዮን ሁሉ አለበት። ጋሽ ማስተር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጨለማ ስለነበር አልጠረገውም። ዘፈኑ አለቀ። ዝም አለ። ከዚያ በዚያች ዝምታ መሐል፣

ኪን፣ ኪን።

አራተኛው ጀመረ። ጋሽ ማስተር አልተነቃነቀም። ከዚያ መልሺው አለ። ጠጋኟ መለሰችው። ኪን፣ ኪን። ደግሞ መልሺው አለ። የተበላሸ ፋይል መስሏት ከሌላ ቦታ ልታወርድለት ጠየቀችው። እሱ ግን በጆሮው እየመዘነው ነው። የራሱ አይደለም። የሱ ብርጭቆ ይጮኻል፤ ይሄኛው ደንቆሮ ነው፣ ሁለተኛውም ምት ዘግይቷል። ብርጭቆው ውስጥ ሻይ ነበረበት። እዚህ ሙያ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ከሱ ጋር የኖረ ሰው፣ ብርጭቆውን መጀመሪያ መጠጣት እንደሚገባ አያውቅም። አርባ ሺህ ሰው፣ በየታክሲውና በየመኝታ ቤቱ፣ ይህችን ምት ምን እንደሆነች ሳያውቅ ሰምቷታል።

«ኦሪጅናል ነው» አላት።

ጠጋኟ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤ እሺ ብላ ስልኳን ይዛ፣ ቁልፉን ትታለት ወጣች። ጋሽ ማስተር በራሱ ስልክ ለእህቱ ልጅ ደወለ። ልጁ አነሳና «አጎቴ?» አለ። ጋሽ ማስተር ይቅርታ ሊለው ነበር የደወለው። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ የቆመውን የሻይ ብርጭቆ አነሳ፣ ዝቃጩን ወለሉ ላይ ደፋ፣ ወደ ስልኩ አስጠግቶ በቀለበቱ ሁለት ጊዜ መታው።

«አባባ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀድቶኝ ያልመጣለት ይሄ ነበር» አለ ልጁ። «ሐኪሙን ከምሳ ሰዓት አሳልፎ አስቆመው። የማስተር ምት እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ አይደለም እያለ።»

«ጠዋት ያልኩህን…»

«ተወው አጎቴ።»

«ልተወው አልችልም። ነገ መጥቼ ፎጣውን እቀበልሃለሁ።» ጋሽ ማስተር ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ፣ ገና ባልተቀባው እንጨት መሐል ላይ አስቀመጠው። ደግሞ ትዝ ሲለው ወደ ስልኩ ተጠጋ። «ለአባትህ ንገረው» አለ። «ለሚቀጥለው ብርጭቆው ባዶ መሆን አለበት።»